የጎተራው በር

አያቴ ኦኑፍሪ፣ ከዶፊን በስተሰሜን፣ በበረዶው ወራት
ሥራ ፈትቶ ሲውል፣ እጁ ሲያሳክከው እስከ እራት፣
ለጋጣ ከተገዛው ቀይ ቀለም ቀንሶ፣
ጥቁሩን ከምድጃ ጥላሸት፣ ቢጫውን ከእንቁላል አስኳል ለውሶ፣
በጎተራው በር ላይ አንድ ኮሳክ ሣለ።
«ስንዴያችንን ይጠብቃል» አለ።

እግሩን አጣጥፎ ሣር ላይ ተቀምጧል፣
ጦሩን መሬት ተክሎ ፈረሱን አስሮበታል፤
ራሱ የተላጨ፣ አንዲት ቁንጮ ብቻ ቀርታ
ጆሮው ላይ ዞራለች፣ እንደ ሐረግ ተፈትታ።
ሰይፉ ከዛፍ ተሰቅሏል፣ ከጎኑ የአረቄ ቅል፣
ጭኑ ላይ ኮብዛ አለች፣ ሆደ ሰፊ፣ ክራር የምትመስል።

ፈረሱማ ፈረስ አይደለም። አያቴ የጦር ፈረስ የት አይቶ!
የጎረቤታችንን የቦድናርን ባዝራ ሣላት፣ ከአጥሩ ባሻገር ተመልክቶ፤
ሆዷ የተንዘረጠጠ፣ የፊት ጉልበቷ ያበጠ።
ቦድናር ባያት ቁጥር «ኪራዬን!» ይላል፣ እያላገጠ።

ከሥሩ ጽሑፍ ነበረው፤ አርባ በረዶ ልጦ ወሰደው።
«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ስሙ ማነው?»
«ስሙን የሚናገር ቢሆን ኖሮ፣» አለኝ፣ አካፋው ላይ ተደግፎ፣
«በያዙት ነበር ገና ዱሮ። ይኸው ተቀምጧል፣ ሁሉን አልፎ።»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በአጎቴ ጠመንጃ ተኮስኩት።
«ፍልፈል ስቼ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ አነጣጥሬ ነው የመታሁት።
ዝምታው አናዶኝ ነው። ልጅነቴን ሙሉ ጣቶቹ ክሩ ላይ ናቸው፣
አንድ ቀን እንኳ ድምፅ የለም። ምን ይጠብቃሉ? ማን ያዛቸው?
ጥይቷ በኮብዛዋ ሆድ ገብታ ስንዴው ውስጥ ቀረች።
ያን ዓመት ዳቦ ስንበላ፣ እናቴ እያንዳንዱን ቁራሽ ፈተሸች።

አባቴ ቀበቶውን እየፈታ መጣ።
ያኔ ነው የሰሜኑ ነፋስ ከሐይቁ ማዶ የወጣ፣
ያኔ ነው በሩ ያፏጨ፦
አንድ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእንጨቱ ውስጥ የመነጨ።
ቀበቶው እጁ ላይ ቀረ። ጆሮውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።
ቆየ።
ከዚያ እናቴን ጠራት፤ በሊጥ እጇ መጣች፣ ራሷን ሳትሸፍን፣ በዚያ የሚያዝያ ቁር አለንጋ።
ሰማች፣ ሰማች፣ «ሌላ ዜማ አያውቅም እንዴ?» አለች።
ሊጡ ጣቷ ላይ እስኪደርቅ ግን እዚያው ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ አየሩን የምንጠይቀው እሱን ሆነ፤
ሲቀጥን፣ ነገ በረዶ ነው፤ ሲጎረንን፣ ጉሙ በነነ።

ባለፈው ጥቅምት ሐራጅ ሆነ። ጉልበቴ አርጅቷል፣ ልጆቼ ከተሜ ናቸው።
ትራክተሩ ሄደ፣ ማረሻው ሄደ፣ የወተት መናጫው፣ የእናቴ ድስቶች ከነክዳናቸው።
ሐራጅ ባዩ ምላሱ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ፣
ጓንት ያጠለቀች ሴት በሩን በሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር ወሰደችው፤ ማንም ሳይጨምር፣ ማንም ሳይንጫጭ።
«ለሙዚየም ነው፣» አለችኝ። «ሠዓሊው ማን ነበር?»
ምን እንደያዘኝ እንጃ፤ አፌ ተዘጋ፣ እንደ በር።

በግንቦት ዊኒፔግ ሄድኩ፣ አራት ሰዓት ነድቼ።
ሙቅ ክፍል። ነፋስ የለ። «ሠዓሊው ያልታወቀ» የሚል ወረቀት አየሁ፣ መነጽሬን አጥርቼ፣
ወደ በሩም ቀረብኩ። ቀዳዳውን በሰም ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ኮብዛዋን አድነዋታል።
ሰሙን እነሱ አስገቡ፤ ወርቁ ግን ቀዳዳው ነበር፤ ማን ይነግራቸዋል?

ዘበኛው ዞር ሲል የመኪናዬን ቁልፍ አወጣሁ።
የሰም ፍርፋሪ ጫማዬ ላይ ወደቀ። ከንፈሬን አስጠጋሁ።
ሰባ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ትንፋሽ ነው፤ መጀመሪያ አቧራ ብቻ።
ደገምኩ።

አንዲት ልጅ ከወዲያ ጥግ ቀና ብላ
የእናቷን እጅ ጎተተች።
እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።