አንተም ዙር

የማሽኑ ዘበኛ ነኝ፤ ጣና ዳር ነው ቦታዬ፤
በስተቀኜ ዘንባባ፣ በግራዬ ዱላዬ።
ሰው ካርዱን ሲከት ዞር እላለሁ ወደ ሐይቁ፤
«ጨዋ ዘበኛ» ይላሉ፣ ይህንን የሚያውቁ።

አንጓችን ታውቋታላችሁ? ዓሣ የምትቸረችር፣
ከጥፍሯ ሥር ቅርፊቱ የሚያበራ እንደ ብር፤
አምባዛው በገመድ፣ ቀረሶው በሰፌድ፣
«ኑ!» የምትል ቆማ ከጀልባ መውረጃው መንገድ።
ገንዘቧን በመቀነት ታስር ነበር ድሮ፤
ልጇ ካርድ አወጣላት፣ አራት ቁጥር አስተምሮ።

ቅዳሜ ዕለት አመሻሽ፣ ሰው እንደ ጎርፍ ሲተምም፣
ማሽኑ ካርዷን ዋጠና አላት ጭጭ፣ አላት ዝም።
ከኋላዋ አንድ ወጣት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣
አንገቱን ሰበር ያረገ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣
«እናቴ፣ ላግዝሽ» አለ።
                    እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ
የጀልባ መብራት እቆጥራለሁ፣ በጨዋነት ታስሬ።
አራቱን ቁጥር ጠየቃት፤ ጮክ ብላ ነገረችው፤
እኔ ሰማሁ፣ ሐይቁም ሰማ፤ እሱ በልቡ ከተበው።
ካርዱን ጠርጎ መለሰላት፣ አኖረላት ከእጇ፤
«እደግ» ብላ መረቀችው፣ ልክ እንደ ገዛ ልጇ።

ሰኞ ሂሳቧ ባዶ። የበረዶው፣ የመረቡ፣
ያውም ገና ዓርብ ዕለት የወጣላት ዕቁቡ።
«እማማ፣ ይኸ ካርድ ያንቺ አይደለም» አለቻት
የመስኮቷ ልጅ፤ «የጓንጉል ውብነህ ነው።» ማን ያንብብላት?
ቀለሙ አንድ፣ ወርዱ አንድ። አንጓች ፊደል አልቆጠረች፤
ዝም ብላ ቆየችና አንድ ነገር ተናገረች፦
«መንጠቆ ላይ ትል እንጂ ማን ድንጋይ ይሰካል?
የኔ ትል ‹እናቴ› ነበር፤ ከእንግዲህ በዓሣ ማን ይስቃል?»

እኔስ? ከሦስት ክንድ ላይ፣ ጨዋነቴን ታቅፌ፣
ሌባውን በጀርባዬ በሰላምታ አሳልፌ!

ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለሐይቁ ነው የሰጠሁት፤
የሰልፈኛውን እጅ እንጂ ቁጥሩን መቼ አየሁት።
«ላግዝ» ባይ ሲጠጋ ዱላዬ ትቀድመዋለች፤
«ባንኩ ሲከፈት ጠይቅ፣ እዚህ ረዳት የለም» ትላለች።

ትናንት አንጓች መጣች፤ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር።
የማሽኑን ከንፈር ነቀነቀች፣ የዓሣ ስንጥብ እንደሚመረምር።
ነጠላዋን ዘርግታ ሸፈነችው መዳፏን፣
ዶሮ ለጫጩቶቿ እንደምታለብስ ክንፏን።
ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ የዘወትር ደንበኛዬ፤
«አንተም ዙር!»
            ዞርሁ። ሐይቁ ላይ ወደቀ ጥላዬ።
አልከፋኝም። ማሽኑ ብር ሲቆጥር ሰማሁት፤
«በቃ፣ ዙር» እስክትለኝ ሐይቁን ብቻ አየሁት።