ቆጣሪ የሌለው

ከአሽቀሎን ወደ ምሥራቅ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ሲመለስ፣
አስፋልቱ ሲቀጥን ሲቀጥን፣ ከዋዲው አፍ ሲደርስ፣
እዚያ ናት ተልመይ ሮተም።
በካርታ ላይ የዝንብ ኩስ ታህላለች፤ ከዚያ አትበልጥም።

አርባ አንድ ቤት፣ አንድ ምኩራብ፣ ማክሰኞ የሚዘጋ ሱቅ፤
በደቡብ የቲማቲም ላስቲክ ቤቶች፣ ነፋስ ሲነሣ የሚያፏጩ ከሩቅ፤
በምዕራብ ዋዲው፦ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ነው፣
በጥር አንድ ሌሊት ብቻ ወንዝነቱ ትዝ የሚለው።

እኔ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ከክልሉ ምክር ቤት የተላክሁ፣
ስሟን የነገሩኝ ዕለት «ትልም» ብዬ ሰማሁ።
በእነሱም ቋንቋ ትልም ነው አሉኝ፤ ማረሻ የቀደደው መስመር፤
ደስ አለኝ፤ ሳልማር የማውቀው አንድ ቃል ተገኘ በዚህ አገር።

ቁጥር አንድ፦ ማክሉፍ ዋዝና። ቆጣሪው ዝጓል፣ ይንጠባጠባል።
«በሌሊት በጭነት መኪና አምጥተው ደፉን» ይላል፤
«ሾፌሩ ሲነጋ ባሕር ታያላችሁ ብሎ ማለልን።
ሲነጋ አቧራ ነበር፤ አቧራውን ባሕር ነው አልን።»
እናቱ ፍሬሐ ሦስት ቀን ከጓዟ ላይ አልወርድም ብላ ተቀመጠች፤
በአራተኛው፣ የቋጠረችውን የሽንኩርት ዘር ለመዝራት ወረደች።

ቁጥር ዐሥራ ሰባት፦ ባዶ። አባት ሞተ፣ ልጅ ሐይፋ ገባ፤
ቆጣሪው ግን ይንቀሳቀሳል፦ ጎረቤት ያጠጣል የሟቹን አበባ።
ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ፦ ከታይላንድ የመጡ ስድስት ወጣቶች፣ አንድ መታጠቢያ፤
ከአንድ መደብ ቲማቲም ያነሰ ይጠጣሉ፤ ጻፍሁት ያለ ማብራሪያ።

ከቤቶቹ ኋላ የበለስ ቁልቋል አጥር አለ፣ ማንም ያልተከለው፣
ማለቴ፣ ዛሬ ከሚኖሩት ማንም። በመካከሉ ጉድጓድ ነው፣
አፉ በሲሚንቶ የተደፈነ፣ በአንድ ጥጉ ስንጥቅ ያለው።
የማን ነው ብለው፣ ማክሉፍ ስለ ዝናብ አወራ።

በነሐሴ አንድ ሽማግሌ መጣ ከሎድ፣ ከልጅ ልጁ ጋራ፤
ምንም አልጠየቀ። ሦስት በለስ ቆረጠ፣ በኪስ ቢላዋ ላጠ፤
ሁለቱን በላ፤ አንዱን ለእኔ ሰጠ፤
ልጣጩን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደርድሮ፣
ሄደ፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ አንገቱን ወደ ዋዲው አዙሮ።
እሾሁ ሳምንት ሙሉ ከአውራ ጣቴ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የወሩን ንባብ ስጨርስ እቆማለሁ በስንጥቁ ፊት፤
መዝገቤ አርባ አንድ መስመር ነው፤ ለዚህኛው የለውም ቤት።
ጠጠር እጥላለሁ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ጠብ።

በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ እጽፋለሁ፦
አራት።