ሠላሳ ግራም

ከችሎቱ ጥግ ላይ፣ ከመስታወት ጓዳ፣
አፌን አከራያለሁ ለዘመድ ለባዳ።
ደንቡ እንዲህ ነው፦ ምስክሩ «እኔ» ሲል «እኔ» እላለሁ፤
ጠበቃው «እኔ» ሲል፣ ያኔም እኔው አለሁ።

ዛሬ ጋዝዋን ቆሟል፣ የተል ዘይቱኑ ዳቦ ጋጋሪ፤
ከረባቱ የጎረቤት፣ ቃሉን እንደ ሳንቲም ቆጣሪ።
ውጭ ዝናብ ነው፤ የራይን ወንዝ ጀልባ ያጓራል፤
ውስጥ አንድ ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ይዞራል፦

«ከሰልፉ መሃል ታጣቂ ነበረ ወይስ አልነበረም?»
«ነበረ» አለ ጋዝዋን። ሊዋሽ አልፈለገም።
«ሁለት ነበሩ። አንዱ ጠመንጃውን በጀርባው አንግቶ፣
ሌላው ልጁን ታቅፎ፣ ከኋላው ተጠግቶ።»
«ምን ፈልገው?»
          «ዳቦ።»
                    «ለማን?»
                              «ለሚበላ።»
ጠበቃው መልሷን ቀስ ብሎ አላምጦ በላ።

ዶክተር ብሬንኬ ጨዋ ነው፣ ድምፁ ከፍ አይልም፤
በእረፍት ሻይ ይቀዳልኛል፤ ፊቱ ላይ ክፋት የለም።
«ክቡራን ዳኞች፣ የሞተ ሁሉ አልተገደለም በወንጀል፤
ሕጉ ‹አትዋጉ› አላለም፤ ‹በልኩ› ነው የሚል።
ዱቄት ጦር ይቀልባል፤ ምድጃም ዒላማ ሊሆን ይችላል፤
ጥያቄው፦ የተገኘው ጥቅም ከጠፋው ያመዝናል?
አብራሪው በስክሪን ያየው ሙቀት ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ፤
ከአምስት ሺህ ሜትር ላይ ማን ለይቶ ያውቃል ረሃብ?»

ይህንንም ተረጎምኩት፣ ነጠላ ሰረዝ ሳላጎድል፤
ከፋኝ፣ ግን ገባኝ፤ መግባቱ ነው የሚገድል።

ዐቃቤ ሕጓ ተነሣች። ካርታ ላይ ቀይ ክብ።
«ሦስት ሳምንት ሙሉ ድሮኗ ሰልፉን ከላይ አይታለች፤
ሴቶቹ በየት በኩል እንደሚቆሙ እንኳ ታውቃለች።»
ባለሙያው ኮሎኔል ተጠየቀ። ውሃ ጠጣ።
«ሃያ ቢሆን ይቻል ነበር፤ አርባ አንድ ግን...» ብሎ አመነታ።

ከሃያና ከአርባ አንድ መሃል የቱ ጋ ነው የሕግ ቦታ?
የትኛው ሬሳ ላይ ነው፣ በየትኛው ስም ነው ድንበሩ?
ሃያኛዋ ሕጋዊ ሟች ናት? ወንጀሉ ከእሷ ቀጥሎ ነው መቆጠሩ?

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፦ «የሚጨምሩት አለ?»
ጋዝዋን መዳፉን አየ፤ ቆየ፤ ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ከጦርነቱ በፊት፣ ገና አገሩ አገር ሳለ፣
የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ደብተር ይዞ ከተፍ አለ።
ዳቦዬን መዘነው። ሠላሳ ግራም ጎደለ።
‹ይህ ከሕዝብ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው› ብሎ ሱቄን ሦስት ቀን አሸገ፤
ልክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ሁሌ ትርፍ አደረገ።
ጠበቃው ስለ ልክ ሲናገሩ ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ።
ደብተሩ፣ የታኘከው እርሳሱ፣ እንዴት እንደገላመጠኝ።

ሚስቴ ናዝክ ለሰልፈኛው ሳንቲም ስትመልስ ነበረች፤
እኔ ምድጃው ጋ ጎንበስ ስል፣ እሷ በር ላይ ቀረች።
የእኛ ከተማ ሕግ ሠላሳ ግራም ይታየው ነበር፤
የእናንተስ ከስንት ጀምሮ ነው የሚታየው? ልማር።»

«ልማር» አልኩ በእሱ አፍ፣ የማይኩ ቀይ መብራት እንደበራ፤
የምለው ነበረኝ፤ የእኔ ግን አልነበረም ተራ።

ችሎቱ ለሰኞ ተቀጠረ፤ ልኩ ገና አልታወቀም።
ኮሪደሩ ላይ ጋዝዋን ከካፌው ክብ ዳቦ ገዛ፤ አልበላውም።
መዳፉ ላይ አኖረው፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ላስቲኩ ሰባ ግራም ይላል፤
ስድሳ አምስት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ጎድሏል።»

ይህን ለማንም አልተረጎምኩም።