ይጠብቅ

ሱ ፎልስ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
የማሞቂያው ቧንቧ ሲንኳኳ በችሎት፣
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ክፍያዬ በሰዓት።
ምያለሁ ለደንቡ፣ ቀኝ እጄን አንስቼ፦
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ የራሴን አፍ ዘግቼ፣
ሌላው «እኔ» ሲል «እኔ» ልል።

ከጎኔ አቶ ያየህራድ፣ ከዘራ በጉልበታቸው፤
ከሌሊት ፈረቃ ሲወጡ ቀይ መብራት የጣሰ ካሚዮን የገጫቸው።
ከእሳቸው ወዲያ ወይዘሮ ሉንድግሬን፣ ሰማንያ አንድ የደፈኑ፣
እርሻው ተሽጦ፣ ዋጋውን ሳያዩ የባከኑ።
አይተዋወቁም። አንድ ሰው ነው ያዛመዳቸው፣
በአንድ የአደራ ሂሳብ አብሮ የበላቸው።

ተከሳሹ ተነሣ። ዳረን ሃልቮርሰን። ጠበቃ ነበረ፤
ፈቃዱን ከተነጠቀ ስድስት ወሩ ነው፣ ክራባቱ ግን አልተቀየረ።
ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ሲጀምር፣
እኔም በአቶ ያየህራድ ጆሮ፣ በሹክሹክታ፣ በሥር በሥር፦
«እኔ የደንበኞቼን ገንዘብ አለአግባብ ተጠቀምሁ…»
ቆምሁ።

አለአግባብ ተጠቀምሁ?
ይሄ የቢሮ አማርኛ ነው፤ እሱም ክራባት አስሯል።
ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል አጭር ነው፣ አንድ ጉርሻ ያህላል።
የጥንቱ ተሟጋች «በላ ልበልሃ» ብሎ ነበር የሚነሣው፤
እዚህ ልበልሃ የለም፣ በላ ብቻ ነው የቀረው።
አረምሁት፦
«እኔ የደንበኞቼን ገንዘብ በላሁ።»

አቶ ያየህራድ ዘወር አሉ።
ወደ ሰውዬው አይደለም፣ ወደ እኔ።
በአማርኛ፣ በገዛ ድምፄ፣ «በላሁ» ያልሁት እኔ።
ዐይናቸውን አየሁት። ለዚያች ቅጽበት
እኔ ነበርሁ የበላሁባቸው ሰው፤ ማረፊያ አጣሁለት ለፊቴ፣ ለአንገት።

«ከቅጣቱ በፊት የሚሉት ካለ?» ዳኛዋ ጠየቁ።
ሽማግሌው በከዘራ ተነሡ፣ ጉሮሮ አጠሩ፣ ጥቂት ዘገዩ፣ አልተጨነቁ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እደውልለት ነበር። ‹ቼኩ መንገድ ላይ ነው› ይለኛል።
መጀመሪያ አመንሁ፤ ኋላም ሚስቴ ‹እመነው› ብላኛለች፣ እሷ ካለች ይሆናል።
አርባ ስምንት ሺህ ዶላር። የአንድ እግር ዋጋ።
እግሬም መንገድ ላይ ቀረ፣ ቼኩም መንገድ ላይ፤
አስፋልቱን እያየሁ ሁለት ክረምት ነጋ።

ስንት ዓመት ይታሰር አትበሉኝ፤ የዓመት ልክ አላውቅም።
ስሙ ጠበቃ ነው፤ እኔን አልጠበቀም።
እኔ ነኝ የጠበቅሁ። ሃያ ስድስት ወር ጠበቅሁ።
ፍርዴ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጠየቅሁ፦
ይጠብቅ።»

ይጠብቅ።
ዳኛዋ እስክሪብቶ ይዘው አዩኝ።
ይቆይ ማለት ነው? ቆጥሮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ መልስ አጥቶ?
ወይስ ዘብ ይቁም፣ አደራ ይያዝ፣
ያልሆነውን ጠበቃ ይሁን፣ አሁን፣ ከእንግዲህ፣ ረፍዶ፣ መሽቶ?
በእንግሊዝኛ ሁለት በር ነው፤
አንዱን ስትከፍት ሌላው ይቆለፋል።
ሽማግሌው በየትኛው እንደቆሙ እኔ እንጃ፤
ምናልባት በመድረኩ ላይ፣ ከሁለቱ መሐል።

ሦስት ሰከንድ ነበረኝ።
«ይቆይ» ብዬ ሰጠሁ።
ሌላውን ኪሴ ከተትሁ።

ሰባት ዓመት ተፈረደ። «ገንዘቡንም መልስ» ተባለ።
ጀልባው ተሽጧል፣ ቤቱ በሚስቱ ስም ነው፤ የሚመለስ ምን አለ?
ወይዘሮ ሉንድግሬን በአቶ ያየህራድ ከዘራ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፣
ቋንቋ አልፈለጉም፤ አስተርጓሚም አልጠየቁ፤ እንደዚያው አረፉ።

አሳንሰሩ ውስጥ፣ ቁጥሩ ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ፣
«እንዳልሁት ነገርሽልኝ አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ አቶ ያየህራድ።
«አዎ» አልኋቸው።

ቼኬ በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤
የሦስት ሰዓት፣ ሙሉ፣
አንድ ሳንቲም ሳይጎድል።