እምቢ ያለ ብረት

ደብረ ሲና መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣ ጋራዥ አለኝ እኔ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በፍሬን ሸራ ነው፣ ያለቀው ዘመኔ።
ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ጭጋግ ለብሶ ወርዶ፣ የሚደርሰው ሁሉ
ጎማው እየጨሰ ደጄ ላይ ይቆማል፤ "እስቲ እያት" ይላሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ወንድይፍራው ዋዝ እየነዳ መጣ፣ ከጨረታ ገዝቶ፣
ያንኑ የጦር ሜዳ አረንጓዴ ቀለም በብሩሽ ቀብቶ።
በሯን በጥፊ መታት፤ እንደ ደወል ጮኸች፤
"ሰማህ?" አለኝ ኮርቶ፤ "ኦጋዴን የዋለች፣ ከምሽግ የመጣች!
የዛሬ መኪና የቲማቲም ጣሳ፣ ሲነኩት ይጨማደዳል፤
እዚች ሆድ ውስጥ ሆኜ፣ ሞት ራሱ ቢመጣ ግንባሩ ይፈነከታል!"

ሳቅሁ፤ እኔም አብሬ።

ኋላ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁና በባትሪ አየኋት።
መሪዋን የያዘው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ አንድ ጫፉ ከአፍንጫዋ፣
አንድ ጫፉ ከሾፌሩ ልብ ትይዩ፣ እንደ ተወደረ ጦር።
ቀበቶ የላትም፤ የሚታሰርበት ቀዳዳም የላትም።
ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ከተገለበጠች ከጃንጥላ አይሻልም።
ቤንዚኑ ከወንበር ሥር፤ ዳሽቦርዱ ራቁት፣ ስፖንጅ አልዳሰሰውም።

ነገርኩት፤ በግሪስ ጣቴ መሬት ላይ እየጫርኩ፦
"ጋሼ፣ መኪና ሲጋጭ ያ የሩጫው ጉልበት ማረፊያ ይፈልጋል፤
ብረቱ ከታጠፈ፣ እዚያው ብረቱ ውስጥ ደክሞ ይቀራል፤
ብረቱ እምቢ ካለ፣ አልፎ ሰው ይገባል።
ያ የናቅኸው ጣሳ የሚጨማደደው፣ ስላንተ ብሎ ነው፤ ዕዳህን ይከፍላል።"

"ተወው" አለ "ስብከቱን። ሞተሯ ደህና ነው፤ ፍሬኑን ብቻ ሥራ።"
ሠራሁ። አንዲት ቱቦ ናት ለአራቱም ጎማ፤ እሷ ከላበች ማን ይጠራ?
ሦስቴ ሞከርኩት፤ ያዘ። ብሩንም ተቀበልኩ።

ኅዳር ነበር፤ ሐሙስ፤ ጭጋጉ ከዋሻው አፍ እንደ ጥጥ ሲጎለጎል፤
ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከሮቢት እየወጣ፣ ዋዟ ስትወርድ ቁልቁል።
ማንም አልሮጠም።
አርባ እንኳ አይሞላም አሉ ትራፊኮቹ፣ የጎማውን ጭረት በሜትር ለክተው።
ፍሬኔ ይዞ ነበር።
ይህንን ለራሴ ስንት ሌሊት ነገርኩት፤ አልጠቀመኝም።

አይሱዙው አፍንጫው ሟሽሾ፣ መስታወቱ ረግፎ፣ ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞልቶት፣
ሾፌሩ ኑርሁሴን፣ ቀበቶው ትከሻው ላይ ሰንበር ትቶበት፣
ወጣ፣ በእግሩ፤ አንድ ጫማው ጠፍቶት።

ዋዟ ግን
አንድ መብራት ሰበረች። መከላከያዋ የአውራ ጣት ያህል ገባ።
የቀረው በሙሉ፣ የቀረው ጉልበት፣ ደረቱ ላይ ገባ።
ጋሽ ወንድይፍራው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ መሪውን ታቅፎ።
ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ቀብሩ ላይ ሰው ምን አለ? "አቤት የድሮ ብረት!
አንድ መብራት ብቻ! ይገርማል፣ ምንም አልነካት!"

አርባው ካለፈ ወዲያ ልጁ ልሳነወርቅ መጣ፤ ድምፁ የአባቱ ነው፤
"ገዢ አግኝቻለሁ፤ የመሐል ሜዳ ሰው፤ መብራቱ ስንት ነው?"
"ዕቃው ጠፍቷል ከገበያ" አልኩት። ዋሸሁ።
ዕቃው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ።

የአይሱዙውን የተጨማደደ አፍንጫ ግን በኪሎ ገዝቼ በሬ ላይ ሰቀልኩት።
ኑርሁሴን ባለፈ ቁጥር ይቆምና፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ፣
በመዳፉ ይዳስሰዋል።
ሽንኩርት ያስቀምጥልኛል፤ አይናገርም።

ዋዟ ግቢዬ ቆማለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።
ትናንት አንዱ ደንበኛ፣ ዘይት ሊቀይር መጥቶ፣ አያትና፣
በሯን በጥፊ መታና፣
"ይቺ ነች መኪና!" አለ።
እንደ ደወል ጮኸች።

አልሳቅሁም።