ታኮ

መንገዱን ጨርሰው ፈረንጆቹ ሲሄዱ
ከካምፑ ዕቃ ጋር ለጨረታ ወጣ፤
ጎማው ስድስት ነበር፣ ሦስቱ የፈነዱ፣
መስኮቱ በካርቶን፣ ቀለሙ የነጣ።
ሞተር የሌለው ቤት፣ መሪም የሌለው፣
ሰው ካልጎተተው ዘላለም እዚያው ነው።
እኔ ገዛሁት።

በሲኖ አስጎትቼ ከሞጆ ሳመጣው
ፍራንኮ ላይ ባጃጅ ጥግ ይዞ አሳለፈው።
ጎረቤቴ ወርዶፋ አጥር ተደግፎ
"ቤት ነው መኪና ነው?" ጠየቀኝ አሹፎ።
"ሁለቱም" አልኩት።
አሰገደች ከደጅ "ሁለቱም አይደለም" አለች፤
በሩን ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋች።

ሐሳቤ ሶደሬ ነበር፣
ከፍል ውሃው ማዶ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር።
እሷ ጉልበቷን ሙቁ ውስጥ ስትነክር፣
እኔ በሩ ላይ ዓሣ ስጠብስ፣
ጦጣ በጣሪያው ላይ ሲመላለስ።
ዘንድሮ አልን። ለከርሞ አልን።

መጀመሪያ ኩሽኔታ፣ ከዚያ ባሌስትራ፤
ደመወዜን በልቶ ጡረታዬን ጠራ።
አንድ ቀን ኮምፖርሳቶው ከእግሬ ሥር ከዳኝ፤
እስከ ጉልበቴ ሰጥሜ መሬቱ ያዘኝ፦
ቤት ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ግማሼ ደጅ ሆነ።
ጣሪያውን ሲልከን ቀባሁ፤
የሰኔ ዝናብ ግን ያልቀባሁትን ያውቃል።
ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጭ ክንፎች
ንፋሱን ይዘው መብራት ያደርጉታል አሉ፤
እኔ ጋ ሲደርስ
ሪቬት መንቀል ብቻ ነው ሥራው በሙሉ።
በያጁ ኢብሳ ላሜራውን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ
"ጋሼ፣ ይተዉት" አለኝ፣
"ዝገቱ እኮ ነው አያይዞ ያቆመው።"

ከግራር ጉማጅ ታኮ ጠርቤ
ከጎማው ሥር ከተትኩ፣ እንዳይሸሽ አስቤ።
አሰገደች ሳቀች፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር።
"የኔ ጫማ ታኮ ከወለቀ አራት ዓመቱ፣
አዲስ ተጠረበ ለዚህ ለከንቱ!"

ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የተኛንበት፣
ሁለቱንም እዚሁ፣ ግቢያችን ውስጥ።
በመጋቢት ወበቅ፣ መብራት የጠፋ ለት
ንፋሱ መጣና እንደ መንገድ አወዛወዘን።
በእንቅልፏ መሃል፣ ዓይኗን ሳትከፍት፣
"የት ደረስን?" አለች።
"መልካሳን አለፍን" አልኳት።
"ቀስ ብለህ ንዳ" ብላኝ
ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዘንድሮ ሐኪሙ "ጉልበቱ ይቀየር" ሲል
ዋጋውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈልን።
ወረቀቱን ይዤ ካራቫኑን ሦስቴ ዞርኩት።

ደላላው ጀማነህ አስጠነቀቀኝ፦
"ስለዚያ ጥግ ትንፍሽ እንዳይሉ።"
ቦንቱ መጣች፣ መናኸሪያው አጠገብ
ሳምቡሳ ልትጠብስበት።
ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፈተች፣ አሸተተች፣
ግድግዳውን በክርኗ ደቃችው።
የኔ አፍ ግን አላረፈ፦
"የግራው ጥግ ያፈሳል። ባልዲ አይለየው።"
ጀማነህ እግሬን ረገጠኝ።
አሥራ ሁለት ሺህ ቀነሰችና
"በምን አወቁ?" አለችኝ፣ ብሯን እየቆጠረች።
"በዚያ በኩል የተኛሁት እኔ ነኝ።"

ሲኖው ሲጎትተው ጋንቾው እንደ ሰው ጮኸ።
ወርዶፋ በሩን ከፍቶ አየ፤ የዛሬን አላሾፈም።
ከቆመበት ቦታ ሣሩ ነጥቶ፣ ተጫጭኖ፣
ሁለት ብሎን፣ አንድ ማንኪያ፣
እና ታኮው ቀሩ።
ምን የሚሸሽ አለ ከእንግዲህ? ብዬ
ላቃጥለው አነሳሁት፤ ከበደኝ።

አሁን የሳሎኑን በር ይይዛል፣
በክራንች ስትወጣ ንፋስ እንዳይዘጋባት።
ትናንት በክራንቿ ጫፍ ነካ አድርጋው
"ይሄንንስ" አለች፣ "ገዢ አጣህለት?"