ስምንት ወንበር

ከሃካታ ወደብ ጀርባ፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር፣
ሰማያዊ መጋረጃ በነፋስ ሲገለጥ ሲሰወር፣
ስምንት ወንበር ብቻ ያላት አንዲት ቤት አለች፤
ዘጠነኛ ሰው ሲመጣ ዝናብ ላይ ታቆማለች።

በሯን ስትገፋ ቀድሞ የሚቀበልህ ማሽን ነው፤
ሳንቲም ታጎርሰውና ቁልፉን ስትነካው
የአውቶቡስ ትኬት የምታህል ወረቀት ይተፋልሃል፤
አለቀ፤ ራትህ ተፈርዶልሃል።
እናትህ «አፍህን ገጥመህ ብላ!» ብላ ካሳደገችህ፣
ምክሯን ከጃንጥላህ ጋር በር ላይ ተወው፤
እዚህ ድምፁን ውጦ ራመን የሚበላን ሰው
«ምነው፣ አሞሃል?» ነው የሚሉት።

ሐሙስ ነው። ይዘንባል።
ድስቱ ከትናንት ጀምሮ ይንተከተካል፤
የአሳማው አጥንት ቀልጦ፣ ነጥቶ፣ ወተት መስሏል፤
ሽታው በኮትህ ገብቶ ቤትህ ድረስ ይሸኝሃል፤
የት እንዳመሸህ ሚስትህ ሳትጠይቅህ ታውቃለች።

ሽማግሌው ኩሮኪ ግን ዛሬ ከድስቱ ኋላ የለም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ወንፊት ያራገፈ አንጓ
አንድ ማለዳ «እምቢ» አለ፤ ማንኪያ ማንሳት አቃተው፤
ሐኪሙ በፋሻ ጠቅልሎ «ሁለት ወር!» አለው።
አሁን ከጓዳው በር፣ የቢራ ሣጥን ገልብጦ፣
ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ጀርባውን ለእኛ፣ ተቀምጦ
በግራ እጁ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል።
መላጥ ከተባለ፦ አንዷን ፍሬ ሩብ ሰዓት ያሽከረክራል።
ዓይኑን ከልክሎታል፤
ለጆሮው ግን ማን ከልካይ አለው?

በእሱ ቦታ ልጁ ቺዙሩ ቆማለች፤
የኢንሹራንስ ቢሮዋን ትታ የመጣች፣
ጸጉሯን በነጭ ፎጣ ጠፍራ፣
ወንፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፦
ቻ! ቻ! ቻ!
አባቷ በከንፈሩ ይቆጥራል፤
«ሦስት… አራተኛውን ረሳችው» ይላል።
አልረሳችውም።
አራተኛው ዘግይቶ መጣ።

ከዚያ ሺራኪ ገባ፤
የወደቡ ክሬን ነጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ
ኮንቴይነር ሲያነሣ ሲጥል ውሎ
መሬት ሲወርድ ቃል የሚያጥረው።
ሃያ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ከጥጉ ወንበር ተቀምጦ፣
በልቶ፣ ባንኮኒውን በጨርቅ ወልውሎ፣
«ይስጥልኝ» ብሎ ሄዷል።
ጣፈጠም መረረም አይል።
ኩሮኪ ግን ከአማማጉ ያነበዋል፦
ደስ ሲለው ረጅም፣ ሲከፋው ቁርጥ ቁርጥ።

«ጠንከር ይበል» አለ፤ ሌላ ቃል የለም።
ቺዙሩ ሳህኑን በሁለት እጇ አቀረበች።
እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነው፤
አላወለቀውም፤ እንደታወረ ጎንበስ አለ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ድምፅ አልነበረውም።

ነጭ ሽንኩርቷ ከሽማግሌው ጣት አመለጠች፤
ተንከባላ ተንከባላ እኔ እግር ሥር መጣች።
ላነሣት ከባንኮኒው ሥር አጎንብሼ ሳለሁ
ከበላዬ ሰማሁ፦
ሽርርርርርር፣
መልሕቅ ሲሳብ እንደሚጮኽ ሰንሰለት፣ ረጅም።
ፋታ።
ደግሞ ረጅም።

ሾርባው ከግማሽ ሳይጎድል ኑድሉ አለቀ።
ሺራኪ ኪሱን ዳበሰ፤ መቶ ሃምሳ የን
አንድ በአንድ ከባንኮኒው ላይ ደረደረ።
«ካኤዳማ» አለ።
ሾርባዬ እዚሁ ይቆየኝ፣ ኑድሉ ብቻ ይደገመኝ ማለት ነው፤
በሃያ ዓመት ሐሙስ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም።

ቺዙሩ ወደ ጓዳ አልዞረችም፤
ወንፊቱን ይዛ ጥቂት ቆመች።
ሃያ ሰከንድ።
ቻ! ቻ! ቻ! ቻ!
ከግድግዳው በኩል ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤
ሳል አልነበረም።
ከዚያ ኩሮኪ ለግድግዳው እንዲህ አለው፦
«ሃያ ሁለት ሰከንድ ነበር።»

ዘጠነኛው ሰው በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቀ፣ ትከሻው ርሶ።
ሳህኔን ወደ ላይኛው ደፍ አንሥቼ፣
ቦታዬን ጠርጌ ወጣሁ።
ቤት ስደርስ ነው ኪሴ ውስጥ ያገኘኋት፣
ግማሽ የተላጠችውን ነጭ ሽንኩርት።
ሚስቴ ኮቴን ተቀበለችኝ፤
ምንም አልጠየቀችኝም።